ሳሎን የገባው ኦርኪድ

በጌዴኦዋ ባንኮ ጎቲቲ ተክል ብርቅ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ቡናው ከዋንዛና ከብርብራ ጥላ ሥር፣ እንሰቱ ከየቤቱ ጓሮ የበቀለበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ነጭ የኦርኪድ አበባ ያን ያህል ግርግር መፍጠሩ የገረመኝም ለዚህ ነው።

ያመጣው ቡና አቅራቢ ወዳጄ ነው። ስሙን እንለፈው። ዋጋውንም እንለፈው፤ እሱ ግን አያልፈውም፣ ደፉን ሳትረግጡ ይነግራችኋል። አበባው እስከ ዲላ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያም በይርጋ ጨፌ አድርጎ እስከ ባንኮ ድረስ የመኪናውን የፊት ወንበር ይዞ መጣ። ሚስቱ ከኋላ ነበረች። ሲደርስ ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከሁለት የፕላስቲክ አበቦች መሀል ተሰየመ፤ ፀሐይ እንዳታጠወልገው መጋረጃው ተዘጋ።

ከዚያ እንክብካቤው ተጀመረ። ጠዋት እሱ ያጠጣዋል። እሱ ሲወጣ ሚስቱ «ጠምቶት ይሆናል» ብላ ትደግመዋለች። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ድርሻቸውን ያንቆረቁራሉ። በቅርፊት ስብርባሪ ላይ መተከሉን ያዩ ሁሉ በአዲስ አበባው ነጋዴ ተገረሙ፦ «ይሄን ሁሉ ብር ተቀብሎ አፈር ይሰስታል?» አንድ ደግ ጎረቤት ከጓሮው ቀይ አፈር አምጥቶ ጠቀጠቀበት፤ ወደ ውጭ የተንጠለጠሉትንም ሥሮች እንዳይበርዳቸው ቀበራቸው።

በየሱቁ የሚሸጠው ይህ ኦርኪድ፣ ፋላኖፕሲስ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ደን ተወላጅ ነው። እዚያ የሚኖረው ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው፤ ዛፉን ግን አይመጥም፣ መቆሚያ ብቻ ያደርገዋል። ሥሩ ውሃ ሲያገኝ ይረጥብና አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ወደ ግራጫ ይመለሳል፤ አጠጡኝ የሚለው ያኔ ነው። በሳምንት አንዴ ገደማ አጠጥቶ ማንጠፍጠፍ ይበቃዋል። ውሃ ባቆረ አፈር ውስጥ ታፍኖ ይበሰብሳል። ይህን ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብድ ይሆናል፤ ወዳጄ ግን ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የሚያሰጣው ከሥር አየር እንዲነፍስበት ነው፤ ሠራተኛ አወፍሮ ቢደለድልበት «አሻገትክብኝ!» ብሎ መንደሩን ያናውጣል። ይህን እውቀቱን ከጫማው ጋር በር ላይ አውልቆ ነው ሳሎን የሚገባው።

ብዙም ሳይቆይ አበባው ረገፈ። መርገፉስ ልማዱ ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ያብብና ይረግፋል፣ ቅጠልና ሥሩ ደህና ከሆነ ዳግም ያብባል። የዚህኛው ግን ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። ቤተሰቡ መክሮ ምክንያቱን ደረሰበት፦ የሰው ዓይን ነው። ጎረቤት በተራ ተጠረጠረ፤ አፈር ያመጣው ደግ ሰው ሳይቀር። ማንቆርቆሪያውን የጠረጠረ የለም።

የራሳችን ኦርኪድ ማን ዞር ብሎ አይቶት! በኢትዮጵያ ከ160 በላይ ዝርያዎች አሉ፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 እ.ኤ.አ. መመሪያ መጽሐፍ አሳትመውላቸዋል። አንዳንዶቹ እንደ እስያው ዘመዳቸው ዛፍ ላይ ይኖራሉ፤ የቡና ጥላ ዛፍም ይስማማቸዋል። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን አብሮ የሚያኖረውን አሠራር ተመልክቶ ነው።

ከወዳጄ ዋንዛ ላይም አንድ የአገር ኦርኪድ ነበር። ነጫጭ ትንንሽ አበቦቹን አንዠርግጎ፣ ማንም ሳያጠጣው ለምልሞ። ባለፈው ማሳውን ሲያስጠርግ አብሬው ቆሜ ነበር፤ ቀና ብሎ አየውና ሠራተኛውን «ያን ጥገኛ ፍቀህ ጣልልኝ፣ ዛፌን እየመጠጠው ነው» አለው። አይመጥም ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ወደ እኔ ዞረ።

«አዲስ አበባ መቼ ነው የምትሄደው? ሐምራዊውን አምጣልኝ። ነጩን አየሩ አልተስማማውም።»