በአንዲት ጠብታ ደም መክሰር ለሚፈልግ

ገንዘብዎን ባልተፈተነ የሕክምና ምርመራ ኩባንያ ላይ ለማጥፋት ቆርጠው ከተነሡ፣ የቴራኖስ ባለአክሲዮኖች የሄዱበትን መንገድ ይሂዱ። ኤልዛቤት ሆምስ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን አቋርጣ በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ገና በ19 ዓመቷ ያቋቋመችው ይህ የካሊፎርኒያ ኩባንያ፣ ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት ደም ብዙ ዓይነት ምርመራ እሠራለሁ ብሎ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2014 ኩባንያው 9 ቢሊዮን ዶላር ያወጣል ተባለለት፤ በ2018 ፈረሰ። ገንዘባቸውን ካጡት መካከል የሚዲያው ከበርቴ ሩፐርት መርዶክና የዋልማርት መደብሮች ዋና ባለድርሻ የሆነው የዋልተን ቤተሰብ ይገኙበታል። ሀብትም ሆነ የንግድ ልምድ ከዚህ ጉድጓድ አላዳናቸውም።

የመጀመሪያው ምክር፦ የዋጋ ዝርዝሩን ይዩና ሌላ ምንም አይጠይቁ።

ዝርዝሩ በእርግጥ ልብ ይማርካል። አሜሪካ ውስጥ ለምርመራ ደሙን የሰጠ ሰው ስንት እንደሚከፍል የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ሒሳቡ በፖስታ ሲመጣለት ነው። ቴራኖስ ግን የእያንዳንዱን ምርመራ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ጽፎ ለሕዝብ አወጣ። የኮሌስትሮል ምርመራ 2 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ሌላውም ሁሉ፣ ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን ከሚከፍለው ከግማሽ በታች። ዋጋን በግልጽ ማሳወቅ ትክክለኛ ነገር ነው፤ ሌሎቹም ላቦራቶሪዎች ሊያደርጉት ይገባ ነበር፣ አሁንም ይገባል። የሚያሳዝነኝ ይህ መልካም ሐሳብ የማይሠራ መሣሪያ መሸፈኛ መሆኑ ነው።

እርስዎ ግን ሊከስሩ ስለሆነ፣ ዋጋና ወጪ አንድ ናቸው ብለው ይመኑ። 2 ዶላር ከ99 ሳንቲም ታካሚው የሚከፍለው ነው። ከጀርባው ሪኤጀንት የተባለው መመርመሪያ ኬሚካል አለ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ደመወዝ አለ፤ የናሙና ማጓጓዣ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የማሽን ጥገና፣ የፈቃድ ክፍያ አለ። ወጪው ከዋጋው ከበለጠ ልዩነቱን የሚሸፍነው አክሲዮን ገዢው ነው። «አንዱን ምርመራ ለመሥራት ስንት ታወጣላችሁ? በቀንስ ስንት ትሠራላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ከአፍዎ አያውጡ። የውጭ ኦዲተር የመረመረው ሒሳብም አይጠይቁ። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ኮሚሽን በ2018 በመሠረተው ክስ እንደዘረዘረው፣ ሆምስ የ2014 ገቢያችን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል ስትል ኩባንያው ያገኘው ግን ከ100 ሺህ ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነበር።

ሁለተኛ፣ የቦርዱን አባላት ስም ያንብቡ፤ ላቦራቶሪው ደጃፍ አይድረሱ። ጆርጅ ሹልትዝና ሄንሪ ኪሲንጀር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ዊልያም ፔሪ የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩ፣ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ በኋላ ለዚያው ሹመት የበቁ። ስለ ጦርና ስለ ዲፕሎማሲ የሚጠየቁ ታላላቅ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ደም ምርመራ ግን አይደለም። ሰነድ ላይ የታወቀ ድርጅት ዓርማ ካዩም በቂ ነው ይበሉ። ሆምስ ቴራኖስ ራሱ ባዘጋጀው ሪፖርት ላይ የመድኃኒት አምራቹን የፋይዘርን ዓርማ እንደለጠፈች ፍርድ ቤት ቀርባ አምናለች። የፋይዘር ባለሙያ ግን ቀደም ብሎ ቴራኖስን ገምግሞ አብሮ መሥራት አያዋጣም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ሰው ወደ ፋይዘር ስልክ ቢደውል ይህንን ይሰማ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሽኑ ዝም ይበሉ። ከጣት የሚወጣ ደም በክንድ የደም ሥር ካለው ጋር ሁልጊዜ አይመሳሰልም። ጣት ሲጨመቅ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ይፈስና ውጤቱን ያለ አግባብ ከፍ ያደርገዋል። ይህን ማንኛውም የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ያውቀዋል፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። ኤዲሰን የተባለው የቴራኖስ መሣሪያ ይሠራ የነበረው አሥራ ሁለት ገደማ ዓይነት ምርመራ ብቻ ነው። ለሌላው ከሲመንስና ከመሰል ኩባንያዎች የተገዙ የተለመዱ ማሽኖች ይሠሩ ነበር፤ ትንሿ የጣት ደም አልበቃ ስትል ደግሞ በፈሳሽ ትቀጥን ነበር። ስለዚህ «ከዝርዝሩ ውስጥ በራሳችሁ መሣሪያ የሚሠራው የትኛው ነው?» ብለው አይጠይቁ።

ከውስጥ የሚጮኽ ካለ አይስሙት። የጆርጅ ሹልትዝ የልጅ ልጅ ታይለር ሹልትዝ እዚያው ተቀጥሮ የጥራት ቁጥጥሩ እንደማይሆን ተናገረ፤ አያቱ ግን ያመኑት ሆምስን ነበር። ኩባንያው በክስ ሲያስፈራራው ለጠበቃ ብቻ ከ400 ሺህ ዶላር በላይ ከወላጆቹ ኪስ ወጣ። ጋዜጠኛው ጆን ካሪሩ በጥቅምት 2015 በዎል ስትሪት ጆርናል ጉዳዩን ባያወጣው ኖሮ ስንት ሰው በተሳሳተ ውጤት መድኃኒት ይውጥ እንደነበር ሳስበው ያመኛል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የከፋው ምክር ይህ ነው፦ ታካሚውን ይርሱት። አሪዞና ውስጥ ዋልግሪንስ በተባሉት ፋርማሲዎች ቴራኖስ የምርመራ ክፍል ከፍቶ ነበር። ከዚህ በፊት ፅንስ ያስወረዳት አንዲት ነፍሰ ጡር የሆርሞን ምርመራ አደረገች፤ ውጤቱ በጣም ወርዶ መጣ። የምትከታተላት የጤና ባለሙያ ይህም ፅንስ ሊሄድ መሆኑን ነገረቻት። በተከታታይ የተደረጉ ሌሎች ምርመራዎች ግን እርግዝናው እንዳለ አሳዩ፤ ሴትዮዋም ጤናማ ልጅ ወለደች። ይህንን በሆምስ ችሎት ለዳኞች የተናገረችው ራሷ ናት። በመካከል ያሉትን የጭንቅ ቀናት የሚያሳይ ሒሳብ በየትኛውም የባለአክሲዮን ሰነድ ላይ የለም። ኩባንያው ራሱ በ2014 እና በ2015 በኤዲሰን የተሠሩትን ውጤቶች በሙሉ ከንቱ ናቸው ብሎ ሰርዟቸዋል።

ሆምስ በጥር 2022 ጥፋተኛ የተባለችው በባለሀብቶች ላይ በፈጸመችው ማጭበርበር ነው፤ ታካሚዎችን በሚመለከቱት ክሶች ነፃ ወጣች። የተፈረደባት ከ11 ዓመት በላይ እስራት ነው። ታካሚዎችን በማጭበርበርም ጭምር ጥፋተኛ የተባለው ሸሪኳ ራሜሽ ባልዋኒ ነው። በ2023 ፍርድ ቤቱ ሁለቱ 452 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ሲያዝ፣ ከዚያ ውስጥ ለመርዶክ የተቆረጠው 125 ሚሊዮን ነው። ለአሪዞና ታካሚዎች ደግሞ ቀደም ብሎ በ2017 ከግዛቲቱ ጋር በተደረገ ስምምነት ኩባንያው 4.65 ሚሊዮን ዶላር መለሰ። ለ76 ሺህ ገደማ ሰዎች ሲካፈል፣ ለአንዱ በአማካይ 60 ዶላር ያህል ደረሰው።