አረጋዊት ድመት ስለ መዳር
ከለንደን ወደ ቢዮ አዋሌ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤

እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ፀሐይ ከማጣትና የቤት ኪራይ ከመክፈል በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም። ባለፈው ደብዳቤዎ «ወሬህ ሁሉ ሥራና ዝናም ብቻ ሆነ፤ እስቲ ቁም ነገር ጻፍልን» ብለው ስለ ወቀሱኝ፣ በዚህ የብርድ ወራት መዓልትና ሌሊት ሲያሳስበኝ የከረመውን ጉዳይ ዘርዝሬ ልነግርዎ ብርዕ አንሥቻለሁ። ጉዳዩም አንዲት ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ድመት መዳር ነው። እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ሆኖም ስቀው ሲያበቁ ንባብዎን ይቀጥሉልኝ።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩት እንግሊዛዊት ባልቴት ጉልበታቸው ከድቷቸው ወደ አረጋውያን መጦሪያ በገቡ ጊዜ፣ ልጆቻቸው ከየሩቅ ከተማው ተሰብስበው ወንበሩን፣ ሥዕሉንና የብር ማንኪያውን አንዳቸው ሌላቸውን በጎሪጥ እያዩ ሲካፈሉ፣ ድመቷን ግን እርስ በርሳቸው በሚያስደንቅ ትሕትና «አንተ ውሰዳት»፣ «የለም፣ አንቺ ትብሺ» እየተባባሉ ተውዋት፤ ክርክር ያልተነሣባት ብቸኛዋ ርስት እርሷ ሆነች። መጦሪያው እንስሳ አያስገባም። ስለዚህ እመቤቲቱ በአንድ መኪና፣ ዴዚ (የድመቷ ስም ነው) በሌላ መኪና፣ በአንዱ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ወደየመጠለያቸው ተጓዙ።

የድመት መጠለያ ስል በዓይነ ኅሊናዎ ምን እንደሚታይዎ እገምታለሁና ላስረዳ። በእኛ በኩል ድመት ሥራ ያላት ፍጥረት ናት፤ የማሽላውን ጉድጓድ ከአይጥ ትጠብቅ ዘንድ ትሾማለች፣ ደመወዟን ራሷ አድና ትቀበላለች፣ በበዓል ቀን ከፍየሉ አንጀት ጥቂት ቢወረወርላት የቤቱ ቸርነት ነው። ስታረጅ ጡረታ የላትም፤ አንድ ማለዳ ትታጣለች፣ ጅብ ይብላት ወይም ዕድሜዋ ይድረስ የሚመረምር ዳኛ የለም። በዚህ አገር ግን የእንስሳ ነገር መንግሥትና ሕዝብ የሚጨነቅበት ትልቅ ጉዳይ ነው። በእንስሳት ላይ የሚፈጸመውን ጭካኔ የሚከላከለው ማኅበር በለንደን የተመሠረተው በ1824 ሲሆን (ዘመኑን ሁሉ በእነርሱ አቈጣጠር ነው የምጽፍልዎ)፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የሚከላከለው የለንደን ማኅበር ግን የተቋቋመው በ1884 ነው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ ለፈረሱ ጠበቃ ሲኖረው ለልጁ አልነበረውም ማለት ነው። በ1860 ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ወይዘሮ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች ቤት ሲከፍቱ ጋዜጣው ቢሣለቅባቸውም፣ ያ ቤት ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ድመቶችም በ1883 ደጁ ተከፍቶላቸዋል። በ1917 ደግሞ ማሪያ ዲኪን የተባሉ ሴት፣ ለሐኪም መክፈል ለማይችሉ ድሆች እንስሳት ነጻ ሕክምና ጀመሩ፤ በ1927 ለድመት ብቻ የቆመ ማኅበር ተመሠረተ።

ይህን ሁሉ ርኅራኄ ሳይ መጀመሪያ ተደነቅሁ፣ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ጠረጠርሁ። እዚህ አገር ለምሕረት ይህን ያህል መሥሪያ ቤት ያስፈለገው፣ ምሕረቱን ከደጁ ሳይወጣ ይሠራው የነበረው ጎረቤት ስለ ጠፋ ይመስለኛል። እኔ ራሴ ከእመቤቲቱ ጋር በአንድ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ኖሬ ስማቸውን ያወቅሁት ድመቷን ለማስረከብ በተፈረመው ወረቀት ላይ ነው። በሌላ በኩል ግን ጎረቤት በሞላበት በእኛ ቀበሌ፣ ባለቤቷ ለሞተባት ድመት ማን ይቆማል ብዬ ብጠይቅ መልስ አላገኘሁም።

በመጠለያው ዴዚ ብዙ ከረመች፤ ምክንያቱም ድመት ዐሥራ አንድ ዓመት ካለፋት ከአረጋውያን ትቈጠራለች፣ የዴዚ ዐሥራ አራት ዓመትም በሊቃውንቱ ስሌት ከሰው ሰባ ሁለት ዓመት ጋር ይተካከላል። በዚህ ዕድሜ ኵላሊት ይደክማል፣ የአንገት ዕጢ ያለ ልክ ይሠራል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ጥርስ ይረግፋል፤ የሕክምና መድን የሚሸጡትም ዋጋውን ከዕድሜዋ ጋር ያስወጡታል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት ቤተ ሰቦች በዴዚ ፊት ቆመው «ወይ ስታሳዝን!» ካሉ በኋላ፣ መጋረጃቸውን በጥቂት ቀን የሚቀድላቸውን ግልገል አቅፈው ይሄዳሉ። ይህ እጅግ የተሳሳተ ምርጫ ነው፤ ግልገል ስታድግ ምን ዓመል እንደምታወጣ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አረጋዊቷ ግን ዓመሏ ታትሞ ያለቀ ነው። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይባል የለም? እንግዲያው የማይረሳውን ዓመል አስቀድሞ አይቶ መውሰድ አይሻልም?

እመቤቲቱን ለማስደሰት ብዬ ዴዚን ልጠይቅ በሄድሁበት ቀን፣ የመጠለያው ሠራተኛ ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስትሰማ ፊቷ በርቶ «እንግዲያማ የአቢሲኒያን ድመት ከእኛ ይልቅ አንተ ታውቃታለህ!» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በዚህ ዓለም «አቢሲኒያን» የሚባል እጅግ የተከበረና የተወደደ የድመት ዘር አለ፤ በ1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን አቃጥሎ፣ ብራናውንና ንዋየ ቅድሳቱን ጭኖ፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሲመለስ፣ ጦሩ በወረደበት ወደብ ስም ዙላ የተባለች አንዲት ድመትም አብራ እንደ መጣች ይተረካል። በ1871 በለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው ታላቅ የድመት ትርኢትም ከአቢሲኒያ ጦርነት የተገኘች የተባለች ድመት ሦስተኛ ወጥታለች። የዘር መርማሪዎች በኋላ አጣርተው ሲያዩት ግን የዚህ ዘር ሥረ መሠረት ከህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ እስያው ወገን ሳይሆን አይቀርም አሉ። እንግዲህ አጎቴ፣ የእኛ ያልሆነችው በስማችን ተሸልማ ስትኖር፣ የእኛ የሆኑት 11 ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግተው ይኖራሉ። ይህን ለልጅቱ ስነግራት እጅግ አዘነችና ሻይ አፈላችልኝ፤ ከዚያም ዝም ብዬ እንዳልሄድ «በወገኖችህ መካከል ለዴዚ ቤት ብታፈላልግላትስ?» አለችኝ።

እነሆ በእሑድ፣ ቅዳሴ አብቅቶ ምእመናን በአዳራሹ ጸበል ጻዲቅ ሲቀምሱ፣ ተነሥቼ የድመቷን ታሪክ ተናገርሁ። አንዲት እናት «አይጥ ትይዛለች?» ብለው ጠየቁ፤ በጥርሷ ቍጥር ተስፋ እንደሌለ ስነግራቸው «ታዲያ ምን ሥራ አላት?» ብለው ተቀመጡ። አንድ ዲያቆን በዐቢይ ጾም ወተትና ዓሣ ታገኝ እንደ ሆነ በጥብቅ መረመረኝ። አንዱ ወጣት «ጡረታ ይቈረጥላታል? የሚቈረጥላት ከሆነ ዛሬውኑ እወስዳታለሁ» አለ። አንድ ሽማግሌ በእውነተኛ ቍጣ «እኔ የእናቴን ቪዛ ስጠይቅ ዕድሜያቸው ገፍቷል ተብዬ ነው የተመለስሁ፤ አሁን ለአሮጊት ድመት ዋስ ልሁን?» አሉና ጭብጨባ አገኙ። እኔም ተስፋ ሳልቈርጥ፣ በ2011 ከባተርሲ መጠለያ ወጥቶ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት የአይጥ አዳኞች አለቃ ሆኖ የተሾመውን፣ ከካሜሮን እስከ ስታርመር ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሲፈራረቁ ከወንበሩ ያልተነሣውን ላሪ የተባለ ድመት ምሳሌ አድርጌ ባነሣ፣ ያው ወጣት «እሱ ሲሾም የአራት ዓመት ጎልማሳ ነበር» ብሎ አፌን ዘጋኝ።

ሙሽራው የተገኘው ባላሰብሁት ደጅ ነው። በምኖርበት ሰፈር የድሬዳዋ መጋላ ተወላጅ የሆኑ፣ ጉልበታቸውን በድሬዳዋ ምድር ባቡር የጥገና ክፍል ያሳለፉ፣ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሐጂ አሉ፤ ከድሬዳዋ አጠገብ በቢዮ አዋሌ ተወልጄ ማደጌን ካወቁ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሻሂ በሄል ያጠጡኛል። የአዳራሹን ነገር ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁና፣ የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ ስማቸውን ያገኙት ከድመት ፍቅር የተነሣ መሆኑን፣ ድመትም በቤት ከሚመላለሱት ወገን ናትና ርኩስ አይደለችም መባሉን አስረድተው፣ «እኔ ሰባ ስምንት፣ እሷ ሰባ ሁለት፤ ማን ማንን እንደሚቀብር ብቻ ነው ያልታወቀው፤ አምጣት» አሉኝ።

«አምጣት» ማለት ግን በዚህ አገር የሽምግልናው መጀመሪያ ነው። መጠለያው እንደ ልጃገረድ አባት ቤት ቶሎ እሺ አይልም፤ በመጀመሪያ ብዙ ገጽ ያለው መጠይቅ ተላከ፣ ቀጥሎም ቤቱን የምትመረምር ሴት መጣች። መስኮቱ ምን ያህል ይከፈታል? በቀን ስንት ሰዓት ከቤት ይወጣሉ? ሐጅ ቢሄዱ ማን ይጠብቃታል? ከሳጥን እንዳትዘል መወጣጫ ይሠሩላታል? የመጸዳጃዋ ገንዳ ጠርዙ ዝቅ ያለ ይሆናል? ሐጂ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሳምቡሳ እያቀረቡ መለሱና፣ በመጨረሻ «ቢሞቱስ?» በተባሉ ጊዜ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «እኔን ወደዚህ አገር ያስገባኝ ሹም እንኳ ይህን ያህል አልደረቀብኝም» አሉ። ለ«ቢሞቱስ» ዋስ ሆኜ የፈረምሁ እኔ ነኝ። ለአረጋውያን ድመቶች የተቀነሰውን የመረከቢያ ገንዘብ ሐጂ በራሳቸው እጅ ሲከፍሉ «መህሯ፣ ጥሎሿ ነው፤ ለራሷ ይሰጥልኝ» ብለው የመጠለያውን ሠራተኛ ሒሳብ አወኩት። በእንግሊዝ ከሰኔ 10 ቀን 2024 ጀምሮ ሃያ ሳምንት የሞላት ማናቸውም የቤት ድመት ከቆዳዋ በታች የሩዝ ፍሬ የምታክል መለያ እንድትይዝ ሕግ ያስገድዳል፤ ተላላፊው እስከ 500 ፓውንድ ይቀጣል። የዴዚም መለያ በሐጂ ስም ሲዛወር ጋብቻው ጸና።

አሁን ነገሩ ሁሉ በመልካም አለ። ዴዚ መጀመሪያ አልጋ ሥር ገብታ እህል ውኃ እምቢ ብላ ነበር፤ በኋላ ግን ሐጂ በሌሊት ለሱብሒ ሶላት ሲነሡ ተከትላ መውጣት ጀመረች። ሐኪሙ ለኵላሊቷ ያዘዘውን ልዩ ምግብ ትበላለች፤ ዋጋው የእኔን ምሳ ያስንቃል። ስትተኛ የምታሰማውን ጕርምርምታ ከሰሙ ወዲህ ሐጂ ስሟን ለውጠው በባለ ሞተሯ ባቡር ስም «ሊቶሪና» ብለዋታል፤ የድሬዳዋ ሰው ምክንያቱን ሳይነገረው ያውቃል። እመቤቲቱን አልፎ አልፎ ሐጂና እኔ ወደ መጦሪያው ሄደን እንጠይቃቸዋለን፤ ሐጂ የድመቷን ፎቶግራፍ በስልካቸው ያሳያሉ፣ እመቤቲቱም ስለ ልጆቻቸው ሳያነሡ ስለ ኵላሊት ብዙ ይጫወታሉ። ስሟ መለወጡን ግን እስካሁን አልነገርናቸውም።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። በቤት ያለችው ድመት ስንት ዓመት እንደሆናት እትዬን ጠይቀው በሚቀጥለው ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ሐጂ ከሊቶሪና ጋር ሊያስተያዩ ይፈልጋሉና ከማሽላው ጉድጓድ አጠገብ ፎቶግራፏ ቢነሣ መልካም ነው። ሁለተኛው ደግሞ ወደ ድሬዳዋ ሲወርዱ ከመጋላ ሁለት ኪሎ ሐላዋ ገዝተው፣ በደንብ ታስሮ፣ ወደ ለንደን በሚመጣ ሰው እጅ ይላኩልን፤ አንዱ ኪሎ የሐጂ ነው።

ታዛዥ የእኅትዎ ልጅ
ከለንደን