ብር ወዴት ይፈሳል?

ሥራ አመራር በመጀመሪያ ዲግሪ ለመማር ከምዕራብ ጎጃም የተሻለ አገር አላውቅም። አዲስ አበባ ያለው ኮሜርስ በ1930ዎቹ የተከፈተ ነባር ቤት ነው፤ የእዚያ ተማሪ ግን ምሳሌውን ሁሉ ከፈረንጅ መጽሐፍ ይለቅማል። የእኛ ልጅ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ አስፋልቱን ይዞ ቢሄድ የዓመታቱን ትምህርት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል፤ መንገዱ ከተከፈተ።

ከገንዘብ አያያዝ እንጀምር። ተማሪውን ከሚያስጨንቁት ነገሮች አንዱ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ነው፤ ከየት ተነሣ? ወዴት ሄደ? ከተሜው በሰንጠረዥ ይሠራዋል። የእኛ ልጅ ብርን በዓይኑ እያየ ነው ያደገ። ክረምት ላይ ደፍርሶ ይሞላል፤ በጋ ላይ ድንጋዩ እስኪታይ ይጎድላል፤ ሲሞላ ድሃ አይሻገረውም። መጨረሻውን መምህሩ ቢጠይቀው ሳያስብ ይመልሳል፤ ብር ዞሮ ዞሮ የሚገባው ዓባይ ሆድ ውስጥ ነው። ይህ የጂኦግራፊ ነገር ስለሆነ ማንንም አያስቀይምም፤ የተጠራጠረ ካርታ ይመልከት። እረኛውም ከብቱን እያጠጣ እንዲህ ቢያንጎራጉር አይፈረድበትም፦

ብርን ስንጠብቀው ከደጃችን ላይ፣
ሳይደርሰን አለፈ፣ ገባ ከዓባይ።

ስለ ወንዙ ነው።

የትምህርት ክፍያውን ነገር ደግሞ አንድ የጃቢ ጠህናን ገበሬ በአጭሩ ይነግርሃል፤ «ቡሬን ሸጬ ቡሬ ሰደድሁት።» ቡሬ ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ የማይደክም በሬ ነበር። ልጁ ቡሬ ከተማ አንድ የግል ኮሌጅ ገብቶ ማኔጅመንት ተማረ፤ ተመርቆም ጋውኑን በክንዱ አንጠልጥሎ ከቤት ደረሰ። አባት ከጎተራው ሥር ተቀምጦ ማረሻውን ይፈታል። ወገሉን አወለቀ፤ ድግሩን በመዳፉ ጠረገ፤ ምራኑን ጠቀለለ።

«አባባ፣ ዲግሪዬን ይዤ መጣሁ።»

«እሰይ ልጄ። ስንት ነው?»

«አንድ።»

«አንድ ድግር ምን ያደርግልኛል? ግራና ቀኝ ካልሆነ ማረሻው ይወላገዳል እኮ።»

ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። በማግስቱ አንድ መሥሪያ ቤት የለጠፈውን ማስታወቂያ ሲያነብ፣ ለቡድን መሪነት ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል ይላል። ሽማግሌው መሥሪያ ቤቱን ቀድሞት ነበር። በዚያ ሳምንት የምርቃት ጠላ ሲጠጣ ተመራቂው ለጓደኞቹ ይህችን ወረወረ፦

ቡሬን ሸጦ አባቴ ቢልከኝ ቡሬ፣
ማረሻው ተፈታ፣ ሳይያዝ ወንበሬ።

ስለ ቅጥር ከተነሣ አይቀር፣ የእኛ አገር ቅጥር ከፍ ያለ ነው፤ በዋናው በር የሚገባበት እምብዛም ነው። ዘመድ ያለው የጓሮውን መሿለኪያ ያውቃል፤ ለቀረው «ቅጥሩ ተዘግቷል» የምትል ወረቀት ትለጠፍለታለች። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት የማምረት አቅም ያለው የፊቤላ ፋብሪካ ተመረቀ፤ የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ዓመት ተመረቀ። ልጁም ተመረቀ። መመረቁን በተመለከተ ሁሉም እኩል ናቸው፤ ጥሬ ዕቃ አግኝቶ በሙሉ አቅም መሥራት ሌላ ኮርስ ነው። ለሽማግሌው ስለ ፓርኩ ቢነግሩት፣ መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር የከረመ ሰው ነውና፣ «ቡሬ ከተሸጠ ወዲህ ማን ከማን ጋር ተቀናጀ?» አለ።

የአቅርቦት ትምህርቱም አይዘለልም። በ2015 ዓ.ም. የዘር ወቅት የክልሉ ገበሬ ማዳበሪያ አጥቶ አቤቱታውን ባሕር ዳር ድረስ ይዞ ሄዶ ነበር። የእኛ ሽማግሌ ግን ማዳበሪያ አላጣም፤ ሁለት አለው። አንዱን በር ላይ አንጥፎታል፤ በሌላው በርበሬ ከትቶበታል። «ማዳበሪያው ገበሬው እጅ ገብቷል» የሚል ሪፖርት ቢጻፍ ምኑ ይታረማል?

አሁን ወደ ከባዱ ምዕራፍ እንግባ። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ሄንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 ባወጣው ሥራው 14 የአመራር መርሆች ደርድሯል፤ ከነዚያ አንዱ፣ ሠራተኛ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንድ አለቃ ብቻ ይሁን ይላል። ገጠራችን ይህን መርህ እንደ ጾም ይጠብቀዋል። ቀን የሚያዘው አንድ ነው፤ ማታ የሚያዘውም አንድ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት አዝዘው አያውቁም። ገበሬው ቀን «እሺ ጌታዬ»፣ ማታ «እሺ ወንድሜ» ይላል፤ ዶሮዋ ግን ለሁለቱም ያው ዶሮ ናት። ቁጥጥር የሚባለው ምዕራፍ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሁለቱም በየተራቸው «ትናንት ለማን እሺ አልህ?» ብለው ይጠይቁታል።

የጎጃም ሰው ደግሞ አስተዳደርን ከቅኔ ቤት ለይቶ አያየውም። ዋሸራ የገባ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ይቆጥራል፤ ከዚያ ይዘርፋል። ዘረፋ ያልቻለ ወንበር አያገኝም። በሌላውም ቤት ሕጉ ይኸው ነው የሚሉኝ አሉ፤ እኔ ግን ልዩነት አያለሁ። ቅኔ ቤት የዘረፈ ሁሉ መምህሩ ፊት ቆሞ ይታረማል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ። ከ100 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም። መግባቱስ ቀላል ነበር፤ ፈተና የሆነው መውጫው ነው። ይህን የሚያውቀው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ መናኸሪያ የተቀመጠ መንገደኛ ሁሉ ተፈታኝ ነው።

ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ነበር ስሟ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ ቢያልፉባት ነው አዲሱን ስም ያወጡላት። እሳቸው አልፈው ሄዱ፤ እኛ ሚኒባስ እንጠብቃለን። ቡሬ መናኸሪያ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል።

«ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም! አንድ ሰው የቀረው!»

አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከኋላ ወንበር ተቆጡ። «ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰው ትላለህ፤ እኛ ሞልተን ተቀምጠናል።»

«እኔ ምን ላድርግ እማማ? ሰዉማ ዝግጁ ነው። ከፍኖተ ሰላም ያስቀረን ያ አንዱ ሰው ነው።»

«ታዲያ ጥለነው አንሄድም?»

«መኪናው የሱ ነው።»