እግር የማይጠይቅ ሩጫ፦ «ረን» በተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ላይ የተደረገ ጥናት

በሩጫ ጉዳይ ዓለም ሥራ ተከፋፍሏል። ኢትዮጵያውያን ይሮጣሉ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ደግሞ የቀረውን ነገር ሁሉ ያስሮጣሉ።

የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ረን» የተባለውን ግስ አበጥረው 645 ፍቺ አግኝተውበታል። ላብ እየጠፈጠፈ በሁለት እግር የሚሮጠው ሩጫ የሚገኘው በጥቂቶቹ ውስጥ ነው። እኛ የተካንነው በእነዚያ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ ከአንድ ፍቺ በላይ አልተጠቀመም። (በዚህ ጥናት ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሰው ቃል እያጠኑ በራስ ዘመን መቁጠር ደግ አይደለም።) የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር ግን ይህንኑ ግስ ከዳር ለማድረስ ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶባቸዋል። ባዶ እግራቸውን ይሁን በጫማ አልተገለጸም።

ወደ ቀሩት ፍቺዎች የሚገባ ተመራማሪ እግርን ከአእምሮው ማውጣት አለበት። በእንግሊዝኛ ውሃ በቧንቧ ይሮጣል፤ አፍንጫ ይሮጣል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ይሮጣል። ቀይ ሸሚዝ ከነጭ አንሶላ ጋር ሲዘፈዘፍ ቀለሙ ይሮጣል፤ በዚህኛው ሩጫ አሸናፊውን ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ የሴት ስቶኪንግ ሲተረተር ሮጠ ይባላል። እንግሊዝ አገር ያው ትርትር መሰላል ነው፤ ሽቅብ ስለሚወጣ ይመስላል። ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን ያስሮጣል፤ ይህንንም የሚፈጽመው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ስኳር ያለቀባት እመቤት ከስኳሩ ሮጣ ወጣች ትባላለች፤ እሷ ግን ከማጀቷ አልተነቃነቀችም፤ የሄደው ስኳሩ ነው። ወዳጅን መንገድ ላይ በድንገት ማግኘትና በመኪና ዛፍ መግጨት ደግሞ በአንድ አነጋገር ይነገራሉ። የትኛው እንደ ደረሰ የሚታወቀው የተናጋሪውን ግንባር በማየት ነው።

ከሁሉ ረጅሙ ሩጫ የአንድ ቴአትር ነው። ቴአትር ከመድረክ ሳይወርድ ሲከርም ይሮጣል ይባላል። የአጋታ ክሪስቲ «የአይጥ ወጥመድ» ለንደን ላይ ሩጫውን የጀመረው በኖቬምበር 1952 ነው። በ2020 ኮሮና አስቁሞት በ2021 ካቆመበት ቀጥሏል። በዚህ ሁሉ ዘመን የሸፈነው ርቀት ከአምባሳደርስ ቴአትር እስከ ጎረቤቱ ሴንት ማርቲንስ ቴአትር ያለውን ነው፤ እሱንም የተሻገረው በ1974 ነው። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ መጨረሱን ለሚያውቅ አንባቢ ፍጥነቱ ቀርፈፍ ያለ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለአሯሯጥ ስልቱ ሲባል ተመልካቹ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማንም እንዳይናገር አደራ ይባላል፤ እንዲህ ያለ ዲሲፕሊን በአትሌቲክስ አልታየም።

በምርጫ ሰሞን ነገሩ ይወሳሰባል። አሜሪካዊ ለፕሬዚዳንትነት ይሮጣል። እንግሊዛዊ ግን ለፓርላማ ይቆማል። አንዱ ሮጦ፣ ሌላው ቆሞ፣ የሚፈልጉት ወንበር ነው። የሮጠው ቀድሞ ይደርሳል የሚል ማስረጃ በዚህ ጥናት አልተገኘም።

አማርኛ በዚህ ረገድ አንድን ቃል አያደክምም። የሚሮጠውን ሰው ምክንያት ይጠይቅና እንደ ጉዳዩ ቃል ይመድብለታል። ለጤናው ብሎ በማለዳ የወጣ ሶምሶማ ይሮጣል። የሩቅ መንገደኛ ይገሰግሳል። ባለ ዕዳ አበዳሪውን ከሩቅ ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል፤ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሶምሶማ የሮጠ ሰው እስካሁን አልተመዘገበም። ፈረጠጠ የሚባለው ደግሞ ትቶት የሄደ ነገር ሲኖር ነው፤ ግዳጅ፣ ትዳር ወይም የሒሳብ ክፍለ ጊዜ። እነዚህን አራት ሰዎች እንግሊዝኛ ባንድ ቃል ሊያሳልፋቸው ይችላል፤ አማርኛ ግን መታወቂያቸውን ሳያይ አያሳልፍም። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነን ለማለት ግን ይከብዳል። «ከጠዋት ጀምሮ ሩጫ ላይ ነኝ» የሚል የአዲስ አበባ ሰው ይህን በስልክ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዞ ነው።

«ረን» ዙፋኑን ከመያዙ በፊት ባለ ብዙ ፍቺው ቃል «ሰት» ነበር፤ መዝገበ ቃላቱ በ1989 ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም 430 ፍቺ ነበረው። ዋና ትርጉሙ ማስቀመጥ ነው። እንግሊዝኛ እንግዲህ ማስቀመጥን ሽሮ ሩጫን አነገሠ። የዚህ ሹም ሽር ውጤት ጎልቶ የሚታየው ሆድ አካባቢ ነው። እንግሊዞች ተቅማጥን በብዙ ቁጥር «ሩጫዎች» ይሉታል። የእኛ ሆድ ግን ያስቀምጣል። ያው ሕመም፣ በዚያው ውሃ የመጣ፣ እንግሊዙን ሲያስሮጠው ሐበሻውን ያስቀምጠዋል። ሁለቱም አነጋገሮች ተፈትሸው ትክክል ሆነው ተገኝተዋል፤ እነሱ የሰየሙት መንገዱን ነው፣ እኛ መድረሻውን።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ቋንቋዎች ሐኪም ቤት ሲገናኙ ነው። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ አስተርጓሚ «ዶክተር፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ያስቀምጠኛል» የሚለውን አቤቱታ ቃል በቃል ከመለሰው፣ ለበሽተኛው ከመድኃኒቱ በፊት የሚቀርብለት ወንበር ነው።