ላፕቶፕ ግዴታ ነው ተብለናል

በቤተሰቡ ውስጥ ቀድሞ ደመወዝ የያዘ ሰው ሁሉ ይህችን መልእክት ያውቃታል፦ «ጋሼ፣ ላፕቶፕ ግዴታ ነው ተብለናል።» ግዴታ ያደረገው ማን እንደሆነ አይነገርም። ዲፓርትመንቱ ይሁን፣ መምህሩ ይሁን፣ ከላይኛው አልጋ የሚተኛው ልጅ ይሁን መርምሮ የደረሰበት የለም። ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ «ያልያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ነው። መሥሪያ ቤታችን ክበብ ውስጥ ሻይ ይዘን ስንጨዋወት ግን የሁላችንም ልጅ፣ የሁላችንም እህት፣ የሁላችንም የወንድም ልጅ ላፕቶፕ ያልያዘው እሱ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

በእኛ ጊዜ የሚያንገበግበን ካሲዮ ካልኩሌተር ነበር። እሱንም ቢሆን ከሌላ ሴክሽን ጓደኛ ተውሰን ፈተና ገብተን እንመልስ ነበር። ላፕቶፕ ማን ያውሳል?

ልጆቹን ብቻ መውቀስ አልችልም። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢ ተማሪ ሲጠሩ የሚያወጡትን ማስታወቂያ አንብቡት። ሦስት በአራት የሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ዋናውና ኮፒው፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ቤተሰብ ያንን ዝርዝር አምኖ ጠቦቱን ይሸጣል፣ ብርድ ልብሱን ይገዛል፣ ልጁን መርቆ አውቶቡስ ላይ ያሳፍራል። እውነተኛው ዝርዝር የሚመጣው ልጁ አልጋውን ካነጠፈ በኋላ ነው። ሃንድአውቱ በቴሌግራም ይለቀቃል። አሳይመንቱ ተተይቦ፣ ከነከቨር ፔጁ ይቅረብ ይባላል። ሲቪል ምሕንድስና የደረሰው ልጅ አውቶካድ ይጠበቅበታል፤ አውቶካድን ደግሞ በስልክ ስክሪን ላይ በአውራ ጣት እየቆነጠሩ አይማሩትም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውም በኮምፒውተር ነው። በ2016 ክረምት አምስት ሚሊዮን ኮደር እናፈራለን ሲባል እኔም ደስ ብሎኛል፤ ደስ ያላለኝ በማግስቱ የደረሰኝ የወንድሜ ልጅ መልእክት ነው። ኮዱን በምን እንደሚጽፍ ጠየቀኝ።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል እየፈረመ ነው የሚማረው። የምግቡን፣ የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ወጪ የተወሰነውን ተመርቆ ሊከፍል። ላፕቶፕ እዚያ ውል ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ ዕዳ ቢሆንም በወረቀት የተጻፈ፣ ልክ ያለው ዕዳ ይሆን ነበር። አሁን ግን ማስታወቂያው አይጠቅሰውም፣ ውሉ አይጠቅሰውም፣ ሁሉም ይጠይቀዋል። ማንም በስሙ ያልጠራው ወጪ ደግሞ መጨረሻው በሐሰት ስም እየተጠራ እኛ ዘንድ መድረስ ነው፦ «የፊልድ ጉዞ»፣ «የላብራቶሪ ጋዋን»፣ «የፕሮጀክት ማሳተሚያ»።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ እስኪታተም ያረጃል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከመቶ ዘለለ። መገናኛ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ሰው ያን ሰሞን የዋጋ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ አንሥቶ እስከ ዛሬ አልመለሰውም። «ጠይቀው ይረዱ» ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እሰየው። ግን ልጁ ተመርቆ፣ ሥራ አግኝቶ (ማግኘቱ ራሱን የቻለ ሌላ እሮሮ ነው)፣ ሁለት ወር ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም የተማረበትን ዓይነት ደህና ላፕቶፕ መልሶ ለመግዛት መቻሉን እጠራጠራለሁ።

ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ማምለጫችን ሁሉ ተዘግቷል። ድሮ «ባንክ ተዘግቷል»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ሰኞ እልካለሁ» እየተባለ ቢያንስ ሦስት ቀን ይገኝ ነበር፤ በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ግማሹ ችግር በራሱ ይቃለላል። ዛሬ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ መልእክቱ ይገባል፣ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ «ጋሼ ተኛህ እንዴ?» ይከተላል።

ታላቅ ወንድሜ አድአ ላይ ጤፍ ያመርታል። ላፕቶፕ አይልም፤ «ያ የሚታጠፈው» ነው የሚለው። ልጁ ብር በጠየቀው ቁጥር ወደ እኔ ይደውላል። «አንተ ከተማ ነህ፣ ታውቀዋለህ። ያ የሚታጠፈው እውነት ያስፈልጋል ወይስ እያታለለኝ ነው?» ይህን ጥያቄ እንደ መመለስ የሚያደክመኝ ነገር የለም። ያስፈልጋል ብለው ጤፉን በማይሸጥበት ወቅት ይሸጠዋል። አያስፈልግም ብለው ልጁ ከትምህርቱ ይቀራል። ደግሞ ያስፈልጋልም፣ እያታለለውም ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ላፕቶፑ ያስፈልገዋል፣ የጠየቀው ብር ግን በላፕቶፑ ላይ የአይፎን ቀብድ የተደመረበት ነው። ይህን ለአንድ ገበሬ በስልክ ማስረዳት እንዴት ይቻላል?

አይፎኑን ካነሣሁት አይቀር፤ ጀርባው የተሰነጠቀ፣ ባትሪው በየሁለት ሰዓቱ የሚወድቅ አሮጌ አይፎን ከአዲስ ቴክኖ ለምን እንደሚከበር የሚያስረዳኝ ወጣት እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ቴክኖው እዚሁ አገር የተገጣጠመ፣ ሁለት ሲም የሚወስድ፣ ቢበላሽ መለዋወጫው በየሰፈሩ ያለ ስልክ ነው። በእሱ ግን ከኪስ ሳያወጡ ነው የሚያወሩት።

የሥራ ባልደረባዬ የነገረችኝ ደግሞ አለ። ሴት ልጇ ደውላ እውነቱን ነገረቻት፦ «እማ፣ ስልኬ ይሠራል። ግን ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ፒዲኤፍ ማንበብ አስቸግሮኛል፣ እውነቱን ለመናገር ጓደኞቼ ፊት ማውጣትም አሳፍሮኛል።» እናት ምን አለች? «በዚህ ኑሮ ውድነት ስልክ ነው የሚያምርሽ?» ብላ ስለ ትዕግሥት መከረቻት። በዚያው ወር ወንድ ልጇ «ዲፓርትመንቱ ግዴታ ነው ብሏል፣ ካልከፈልኩ ውጤቴ አይያዝም» አለ፤ ከእቁብ ጸሐፊዋ ተለማምጣ ዕጣዋን አስቀድማ ወስዳ ላከችለት። ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። እኔም ስቄአለሁ። ግን ልጅቱ ከዚህ የተማረችው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር እሷም ዲፓርትመንት ይኖራታል። ልጆቻችን ዋሹን እያልን ስናማርር ለእውነተኛዋ ምክር፣ ለውሸታሙ ብር የሰጠነው እኛ መሆናችንን የሚያነሣ ሰው ሻይ ላይ አይወደድም።

«ሠርተው አይገዙም?» የሚሉ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጡ ሰዎች ናቸው አብዛኞቹ። የወንድሜ ልጅ እህት ሞክራዋለች። አዲስ አበባ ስለተመደበች ቱቶር ገባች። ከቄራ ተነሥታ ሁለት ታክሲ ይዛ አያት ድረስ፣ አራተኛ ክፍል ልጅ ለማስጠናት። ያገናኛት ኤጀንሲ የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ግማሹን ለራሱ አስቀረ። ሁለተኛው ወር ላይ የልጁ እናት «ወሩ መቼ ሞላ?» አሉ። ሦስተኛው ወር ላይ ፋሲካ መጣና ቤተሰቡ አገር ቤት ሄደ፤ የሄዱበት ቀን ተቀነሰ። ካፌ ትታ ነበር የምትማረው፣ ኖን ካፌ የሚባለው፤ የምግብ ብሯን በእጇ እየተቀበለች በሻይና በዳቦ ልታልፍ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው 22 ብር የነበረው በ2017 ነው ወደ 100 ብር ያደገው፤ ከ100 ብር ላይ ላፕቶፕ የሚቆጥብ ልጅ ከየትኛው ሥጋው ላይ እየቆረጠ እንደሆነ አስቡት። ክረምቱ ሲገባ ገዛች። መክሳቷን እናቷ ሳታየው አልቀረችም።

እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያለ ሌላ ልጅ ግን በአንድ ሴሚስተር ገዝቷል፤ አዲስ፣ እሽጉ ያልተፈታ። ሥራው «ሪሰርች ማማከር» ይባላል። ማስታወቂያውን አይታችሁታል፦ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ የተለጠፈ፣ በቴሌግራም የሚዞር፣ «ፕሮፖዛልና ቴሲስ በጥራት እናዘጋጃለን» የሚል። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ደህና አድርጎ ይጽፋል፣ በቀኑ ያስረክባል፣ አስተያየት ሲመጣ ያርማል። ደንበኞቹ እነማን መሰሏችሁ? እኛው ነን። ማስተርሱን በማታ የምንማር፣ ለደረጃ ዕድገት ወረቀቱ የሚያስፈልገን፣ ጠረጴዛችን ላይ «ሙስናን እንጠየፋለን» የሚል ካላንደር ያለን ደመወዝተኞች። ከዚያ ቤት ስንገባ ልጆቻችንን በሥራ ማደር እንዴት እንደሚከበር እንመክራለን። ቱቶሯ ሦስት ወር ለፍታ ያላገኘችውን እሱ ከአንዳችን ቴሲስ ምዕራፍ ሁለት ብቻ ያገኘዋል።

አውቶካዱም ያው ነው። የሚማሩበት ሶፍትዌር ክራክ የተደረገ ነው፤ ከመምህሩ ፍላሽ ወደ ክፍል ተጠሪው፣ ከተጠሪው ወደ ሁሉም። ሶፍትዌሩን የሚሠራው ኩባንያ ለተማሪ በነጻ የሚሰጠው ፈቃድ መኖሩ ትዝ የሚለው የለም፤ ፍላሹ ይቀርባል። ከቫይረሱ ጋር።

ገበያውስ? ብሩ ተሟልቶ የተሄደ ቀን ዋናው ድካም ይጀምራል። «ከዱባይ የመጣ ነው፣ ያገለገለ አትበለው፣ አልተነካም» ይባላል። ስቲከሩ ኮር አይ ሰቨን ይላል፣ ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ አይ ፋይቭ ነው። «ባትሪው አራት ሰዓት ይይዛል» የተባለው ሱቁ ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው። ዋስትናው እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ ጣጣ ተጨምሯል፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን አብዛኞቹን ፕሮሰሰሮች በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች የሚጥሏቸው ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ማሽኖች ወደ እንደኛ ዓይነት ገበያ ይጎርፋሉ፣ የእኛም ሻጭ ዊንዶውስ 11 በጉልበት ጭኖባቸው «ሌተስት ነው» ይላል። ትውልዱን የት እንደሚያይ የማያውቅ የአድአ ልጅ የአባቱን ጤፍ እዚያ ያስረክባል።

ርካሽ ከፈለጋችሁ ቻርጀር የሌለው አለ። ላፕቶፕ ያለ ቻርጀር ከሌላው በግማሽ ዋጋ ለምን እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል፤ ሌባ ሎከር ሰብሮ ሲያነሣ ሶኬት ሥር ጎንበስ ብሎ ገመድ የሚነቅልበት ጊዜ የለውም። ከዶርም የተሰረቀበት ተማሪ ሁለት ሳምንት አልቅሶ የሚገዛው ከዚያው መደዳ ነው፣ የሌላውን ተማሪ። ጥበቃዎቹ በር ላይ ሲሪያል ቁጥር በመዝገብ እየመዘገቡ፣ መውጫ ካርድ እየጠየቁ የተቻላቸውን ያደርጋሉ፤ ሌባው ግን በበር መውጣት አለብኝ ብሎ አያውቅም።

የሚገርመው ይህ ሁሉ ሲሆን ካምፓሱ ውስጥ ኮምፒውተር መኖሩ ነው። የወንድሜ ልጅ የሚማርበት ግቢ አንድ ሙሉ ክፍል አለው፤ በመስኮት አይቻቸዋለሁ፣ ላስቲካቸው ገና ያልተላጠ ስክሪኖች ተደርድረዋል። ተማሪ ቅዳሜና እሑድ፣ ማታ ማታም ቢገባ ግማሹ ጥያቄ እኔ ስልክ ላይ ባልደረሰ ነበር። በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው፤ በሥራ ሰዓት ልጆቹ ክፍል ናቸው። አንድ ቀን እግረ መንገዴን ልጠይቅ ብዬ ገብቼ ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ አጣራሁ። ኃላፊው ጋ ነው። ኃላፊውስ? «ሥልጠና ላይ ናቸው፣ አዳማ።» ስለ ምን ቢባል፣ ስለ ዲጂታል ትምህርት አሰጣጥ። ሲመለሱ ደብዳቤ ጽፈህ አምጣ አሉኝ፤ ደብዳቤው ተተይቦ እንዲሆን።