ዱቄት አልቆብሽ ነው?

ጎጃም ውስጥ ቆሞ «ዱቄት የሌለው ኬክ ልጋግር ነው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን እስከ ሜጫ፣ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ስንዴው፣ ዳጉሳው ጎተራ በሚያጨናንቅበት አገር፣ ያለ ዱቄት ይጋገራል የሚል ሰው ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ አንዲት ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ሞክራ አይታዋለች። ከአዲስ አበባ አክስቷን ልትጠይቅ መጥታ፣ ስልኳን አውጥታ «የቸኮሌትና የብርቱካን ቀላል ኬክ፣ ያለ ዱቄት» ብላ አነበበችላቸው። አክስት ነጠላቸውን ሰብሰብ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዱቄት አልቆብሽ ነው? ታዲያ ምን አሳፈረሽ ልጄ? ጎረቤት ለምን ተፈጠረ? ሰፌድ ይዘሽ ሂጂ።»

«ኧረ እትዬ፣ አልቆ አይደለም። ኬኩ ራሱ ዱቄት የለውም።»

«ገባኝ። እኔም ሥጋ ያጣሁ ቀን ለእንግዳ የምለው ይህንኑ ነው፤ ወጡ ራሱ ሥጋ የለውም።»

(ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ያለው ወሬ አይደርሰንም ነበር። ዳታው ተከፈተና መጀመሪያ የገባው ዱቄት የሌለው ኬክ ሆነ።)

ልጅቱ ዝርዝሩን ቀጠለች። 6 እንቁላል። «እሺ።» 150 ግራም ቅቤ። «እሺ።» ሎሚ ወይም ብርቱካን። «እሺ። ጨውስ?» አንድ ቁንጥር ጨው። አክስት ጓዳውን በዓይናቸው ዞር ዞር ብለው አዩት።

«ታዲያ ዶሮዋ የት አለች?»

እውነታቸውን ነው። ዶሮ በሎሚና በጨው ይታጠባል፣ ቅቤ ይገባል፣ እንቁላል ይከተላል። ከዚህ ሁሉ መሀል ዶሮዋን አስመልጦ፣ በበርበሬው ቦታ ቸኮሌት የከተተ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ለባለሙያ ሴት ማስረዳት ከባድ ነው። ያውም የቡሬን በርበሬ አስወጥቶ!

እኔን የምታናድደኝ ግን «ቀላል» የምትለዋ ቃል ናት። ኬክ ውስጥ ርካሹ ዱቄት ነው። ጥቂቱን እንቁላልና ጥቂቱን ቅቤ ለብዙ አፍ የሚያዳርሰው እሱ ነው። ርካሹን አውጥቶ ውድ ውዱን ብቻ ያስቀረ አሠራር ቀላል ከተባለ፣ ክትፎም ነገ «ቀላል ጎመን በሥጋ፣ ያለ ጎመን» ተብሎ ይቀርብልናል።

ጠጅ ቤት ይህን ሳነሳ፣ አንድ ጋሼ ብርሌያቸውን ሳያስቀምጡ መለሱልኝ። «አንተ ጋዜጣ አታነብም? በየካቲት 2015 ስንዴ ኤክስፖርት ማድረግ ጀመርን ተብሎ በቴሌቪዥን ታየ አይደል? ዱቄቱ ውጭ አገር ሄዷል። ኬኩ አገር ውስጥ ቀረ።»

ወደ ቸኮሌቱ እንምጣ። ልጅቱ ቡሬ ሄዳ አንድ ሱቅ ገባች።

«ጥቁር ቸኮሌት አለ?»

«አለ» አለና ባለ ሱቁ ባለ ወተቱን አወጣላት።

«ይህ አይደለም። 70 በመቶ ካካዎ ያለበት።»

«እኔ ጋ ያለው መቶ በመቶ ስኳር ነው። ሠላሳውን መርቄልሻለሁ።»

ባለ ሱቁን አትቆጡት። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላይ የሚበቅለው ኮትዲቯርና ጋና ነው። እዚያ ዝናቡና የዛፍ በሽታው ተባብረው ምርቱን ሲጎዱት፣ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ የአንድ ቶን ዋጋ ከ10,000 ዶላር አለፈ። እኛ ደግሞ ይህ አነሰን ብለን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብርን ለገበያ ለቀቅነው። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆጠሩ መቶን ተሻገረ። ካካዎው በራሱ ጨሰ፣ ዶላሩ በራሱ ጨሰ፣ ቡሬ ላይ ሲገናኙ አንዲት ጣት የምታክል ቸኮሌት የበግ ግልገል መግዣ መሰለች። 200 ግራም ያስፈልጋል ሲባል ባለ ሱቁ «ለሠርግ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መላው የካካዎ ዱቄት ነው፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው ያልጣፈጠው ዓይነት። በቸኮሌቱ ቦታ ወደ 80 ግራም እሱን ማድረግ፣ ስኳሩንና ቅቤውን ጠቀም ማድረግ። ልጅቱ ይህን ይዛ ስትመለስ አክስት ቆርቆሮውን ከፍተው አሸተቱ፣ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የካካዎ ዱቄት።»

«በይ እንኳን ታረቃችሁ።»

ነገሩ ፈረንጅ ዛሬ የፈጠረው ቅብጠት አይደለም። አይሁድ በፋሲካቸው ሰሞን እርሾ የነካውን እህል ከቤታቸው ያወጣሉ፤ ጣፋጩን በተፈጨ ለውዝና በእንቁላል ያቆሙታል። ካይሮ የተወለደችው ክላውዲያ ሮደን በ1968 እንደ ፈረንጆቹ ባሳተመችው የመካከለኛው ምሥራቅ ምግብ መጽሐፍ ውስጥ ከእስፓኝ የተሰደዱ አይሁድ የሚሠሩትን የብርቱካን ኬክ አስገብታለች። ዱቄት የለውም፣ ቅቤም የለውም። ሁለት ብርቱካን ከነልጣጩ ለስልሶ እስኪፈርስ ይቀቀልና ከለውዝ፣ ከስኳርና ከእንቁላል ጋር ይደባለቃል። ልጅቱ ይህንንም ተረከችላቸው።

«ብርቱካን ቀቀሉ?»

«ወደ ሁለት ሰዓት ያህል።»

«ምን አድርጓቸው?»

ስንዴ የማይስማማው ሆድም አለ፤ ለእሱ እንዲህ ያለው ኬክ እፎይታ ነው። ይህን ክርክር ግን ጎጃም ላይ አታንሱት። ስንዴ ውስጥ ያለው ሆድ የሚያውክ ነገር ጤፍ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ «ስንዴ አይስማማኝም» ለሚል ሰው እዚህ የሚሰጠው መድኃኒት ቁርስ፣ ምሳና ራት ሲበላው የኖረው ነው።

መጋገሩ ላይ ግን ተረቡን ትንሽ ገታ አድርጌ ሙያውን ልናገር፤ እዚህ ላይ አገሬው ከመጽሐፉ ይበልጣል። ቅቤው ለጋ ይሁን። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት የተነጠረ ቅቤ ከሆነ፣ ያመለጠችው ዶሮ ከነሽታዋ ትመለሳለች። ያለ ቅመም የተነጠረ ካለ ውኃው ስለወጣ ከ150 ግራሙ ቀነስ ይደረጋል። ቸኮሌቱና ቅቤው በቀጥታ እሳት አይነኩም፤ የፈላ ውኃ ካለበት ድስት በላይ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ በእንፋሎቱ ማቅለጥ ነው። የቀለጠው ቸኮሌት ውስጥ ጥቂት ጠብታ ውኃ ከገባ አሸዋ ሆኖ ይቋጥራል። የእንቁላሉ አስኳል ከስኳሩ ግማሽ ጋር ይመታል፤ ስኳሩ በጠቅላላው 150 ግራም ይበቃዋል። ነጩ ከቀረው ስኳር ጋር ለብቻው፣ ንጹሕ ዕቃ ላይ። አስኳል ጠብ ካለበት ወይም ዕቃው ቅባት ከነካው አረፋው አይነሳም። ትንሽ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ቢደረግለት አረፋው ይጸናል።

«መምቻ ማሽን የለም» አለች ልጅቱ።

አክስት ክንዳቸውን አሳዩዋት። «ይህ ስንት ዘመን ወተት የገፋ መሰለሽ? ማሽንሽ ቅቤ አውጥቶ ያውቃል?»

አንድ ነገር መጽሐፉ አይነግራችሁም። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቡሬ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ አረፋው ውስጥ የታሰረው አየር ከቆላው አብልጦ ይለጠጣል። ስለዚህ ነጩን እንደ ድንጋይ እስኪቆም አትምቱት፤ ጫፉ ጎንበስ ሲል ይብቃው። ከዚያ ከአስኳሉና ከቸኮሌቱ ጋር ቀስ ብሎ፣ ከሥር ወደ ላይ እያገላበጡ ማዋሐድ ነው። ማማሰል የለም።

ምድጃውስ? ኤሌክትሪክ ያለው ሰው 170 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ገደማ ያቆየዋል። ዓባይ ጎጃምን ከሦስት ወገን ዞሮ ወርዶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመርቆ፣ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሎ አጨብጭበናል፤ ከልባችን ነው ያጨበጨብነው። እኛ ሰፈር ግን የእንቁላሉ ነጭ ሲነሳ መብራቱ ይተኛል። ልጅቱ አረፋዋን ይዛ ጨለማ ውስጥ ቆማ ልታለቅስ ስትል፣ አክስት አክንባሎውን አነሡ። ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት እየነደደበት ሲጋገር ኖሯል፤ ኬክ ምን ቤት ነውና ነው? ትልቁ ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ ተነጠፈ፣ በከሰል ጋለ፣ ቅቤ የተቀባ ወረቀት የለበሰችው ትንሿ መጋገሪያ በአሸዋው ላይ ተቀመጠች፣ ክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ተደረገ። «እሳቱ ስንት ዲግሪ ይሆናል?» ብላ ጠየቀች ልጅቱ። አክስት እጃቸውን አስጠግተው «ደህና ነው» አሉ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ መለኪያ ጓዳ ውስጥ አላየሁም።

ኬኩ በፍሙ ስር ከፍ ከፍ አለ፣ ጠርዙን አለፈ፤ ልጅቱ ፎቶ አነሣች። ከእሳት ወጥቶ ትንሽ ሲቆይ መሀሉ ሰመጠ፣ ላዩ ተሰነጣጠቀ። ልጅቱ ደነገጠች። ጋሼ በደጅ ሲያልፉ አይተው ደረሱላት።

«አይዞሽ፣ ይህማ የሹመት ጠባይ ነው። ሙቀት ውስጥ እያለ ሁሉ ይነፋል፤ ከወንበሩ ሲወርድ ነው እውነተኛ ቁመቱ የሚታየው።»

ጋሼ ሳይንሱንም ስተውት አይደለም። ኬኩን ከፍ ያደረገው በእንቁላሉ አረፋ ውስጥ የታሰረው አየር ነው፤ ሲበርድ አየሩ ይሰበሰባል፣ ደግፎ የሚያቆመው የዱቄት ግድግዳ ስለሌለ መሀሉ ይወርዳል። የሰመጠው ኬክ ጥፋት አይደለም። መሀሉ ጥቂት ርጥብ ሆኖ መቅረቱም ደንብ ነው፤ ፍርክስክስ እስኪል ያደረቀው ሰው ነው የተሳሳተው።

ከመጋገሩ በፊት ብርቱካኑ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ልጅቱ አረንጓዴ ልጣጭ ያለው ብርቱካን ገዝታ «አልበሰለም» ልትል ነበር። ሙቀት በማይጎድልበት ቆላ የበቀለ ብርቱካን ሌሊቱ ስለማይበርድ ልጣጩ ሳይቀላ ውስጡ ይበስላል፤ ቀለሙን አይታችሁ አትፍረዱ። ዋጋውን አይታችሁ ግን ፍረዱ። ቅጠሉንና ፍሬውን የሚያነቁር የፈንገስ በሽታ የአገራችንን ብርቱካን ከጎዳው ቆይቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሎሚ ይሻላል። ሽታው የሚቀመጠው ላይኛው ባለ ቀለም ቆዳ ውስጥ ባለው ዘይት ነው፤ በካሮት መፈቅፈቂያ ላይ ላዩን ብቻ መፋቅ፣ ነጩ ሳይነካ። ነጩ ይመራል።

ሎሚው ሲፋቅ ያየ አንድ ጎረምሳ፣ «በጥምቀት የምንወረውረውን ሎሚ ታቆስሉታላችሁ እንዴ?» አለ።

አክስት ቀና ሳይሉ፣ «አንተ ወርውረህ ምን አገኘህ?»

ኬኩ የተጋገረው ማክሰኞ ማታ ነው። ማግሥቱ ረቡዕ ጾም ነውና ተከድኖ ዋለ። ይህም በጀው፤ እንዲህ ያለው ኬክ አንድ ቀን ሲያድር ይጠነክራል፣ የሎሚው ሽታ ቸኮሌቱ ውስጥ ይሰርጋል። ሐሙስ ጠዋት ቡና ሲፈላ ተቆረሰ። አክስት አንዱን ቁራሽ በልተው ዝም አሉ። ሁለተኛውን በልተው ዝም አሉ። ሦስተኛውን አንሥተው፣ «መቼም ዳቦ አይደለም» አሉ።

ልጅቱ ምስጋና መስሏት ልቧ ሞላ። «ለዐቢይ ጾምም እሠራልዎታለሁ፤ 55ቱን ቀን ሁሉ። በቅቤው ፋንታ የቡሬው ፋብሪካ የሚያወጣው ዘይት ይገባል።»

«እንቁላሉስ?»

«እሱም ይወጣል።»

አክስት ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ «ዱቄት የለም። ቅቤ የለም። እንቁላል የለም። እንግዲህ የቀረው የእኔ ድስት ነው፤ እሱንም ስትጨርሺ አጥበሽ መልሺልኝ።»