የቧሂት አቀበት በአሮጌ ላንድክሩዘር ጤና ላይ ያለው ሚና፦ መነሻ ጥናት

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት፣ በደባርቅ፣ በሳንቃበርና በጨነቅ አልፎ መካነ ብርሃን የሚወርደው መንገድ ለሳይንስ እንግዳ አይደለም። ዋልያው ተቆጥሯል፣ ጭላዳው ከነጠባዩ ተጽፏል፣ ጅብራው ሳይቀር አጥኚ አግኝቷል። በዚያው መንገድ ዳር ኮፈኗን ከፍታ የምትቆመውን አሮጌ ላንድክሩዘር ግን ማንም አላጠናትም፤ ለመንገደኛ ከዋልያ ይልቅ እሷ ቶሎ ትታየዋለች። ይህ ጽሑፍ ያንን ጉድለት ለማረም የተዘጋጀ ነው።

የዘርፉ ታሪክ ከመኪና ይቀድማል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍ፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። ወራት የፈጀው ያ ጉዞ ከባድ ነገር አቀበት ላይ ሲቆም የመጀመሪያው ሕክምና ግፊ መሆኑን አስመስክሯል። ልዩነቱ ያኔ ንጉሡ ራሳቸው ወርደው መንገዱን በእጃቸው መጥረጋቸው ነው። የዛሬ ኃላፊ ጋቢና ውስጥ ሆኖ መስኮት ዝቅ አድርጎ አስተያየት ይሰጣል።

ለጥናቱ የተመረጠችው ናሙና ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ያላት ሃርድቶፕ ናት። መጀመሪያ የእርዳታ ድርጅት፣ ቀጥሎ የመሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻ የግለሰብ ሆናለች፤ በሯን ጠጋ ብሎ ላየው የሁለቱ ተቋማት አርማ ተፍቆ እንደተጻፈበት ብራና አንዱ ከሌላው ሥር ይነበባል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ሰንብቷል። ስለዚህ ዕድሜዋ የሚሰላው በባለቤቶቿ ቁጥር ነው።

ጥናቱን ያወሳሰበው ተራራው ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር አለፍ ብላ ትገኛለች፤ መንገዱ ቧሂት ሲደርስ 4,200 ሜትር ገደማ ይነካል። እዚያ ላይ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የናሙናችን ሞተር ደግሞ ቱርቦ ስለሌለው አየሩን የሚስበው በራሱ አቅም ነው። የናፍታ ፖምፓዋ ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ጎንደር ላይ የሚረጨውን ቧሂትም ላይ ይረጫል። አየር ሲያንስ የተረጨው ሁሉ አይነድም፣ ያልነደደውም ጥቁር ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፣ ጉልበቷም ይወርዳል። ባጭሩ ጤነኛዋ መኪና እዚያ ላይ የታመመች ትመስላለች። ይህን ሐቅ እዚያው ቆሞ የተናገረ ሰው አላጋጠመኝም። ቢናገርስ ምን ይደረጋል? ተራራ አይፈታም፤ ብሎን ግን ይፈታል።

በናሙናችን ላይ ምርመራው የተጀመረው ከጨነቅ አለፍ ብሎ ነው። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ታኮ አደረገ፤ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ክርክር ያላስነሣው ይኸው ብቻ ነበር። ኮፈኑ ሲከፈት ከጋቢናው ኃላፊ በቀር ተሳፋሪው በሙሉ ወረደ። ጉባኤውን የመሠረቱት ሹፌሩ፣ ረዳቱ፣ አንድ መምህር፣ አንድ የገብስ ነጋዴ፣ እንዲሁም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ኮፈኑ ሥር የተገኙ እረኞች ናቸው።

ሹፌሩ ጭሱን አይቶ «ፊልትሮ ነው» አለ። የአየር ፊልትሮው ወጥቶ ጎማው ላይ ተመታ፣ የስሜን አቧራም ተራገፈ። እዚህ ላይ ሹፌሩን ማመስገን ይገባል፤ በጠጠር መንገድ የታፈነ ፊልትሮም ያንኑ ጥቁር ጭስ ያወጣል። ረዳቱ ግን «ፋሻ ጨርሳለች» አለ። ነጋዴው «የለም፣ ቴስታታ ነው» አለ። ፋሻ ቢሆን ዘይት እየነደደ ጭሱ ሰማያዊ ይሆን ነበር፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃ ቢገባ ደግሞ ነጭ። ነገር ግን ጉባኤው ቀለምን በማስረጃነት አልተቀበለም።

በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙበት ፍርድ ወጣ፦ «አየር ይዛለች!»

አየር በጠፋበት ከፍታ ላይ መኪና አየር ገብቶባት ትታመማለች ማለት እንግዳን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። በናፍታ መስመር ውስጥ አየር ከገባ ፖምፓው ናፍታውን መግፋት ያቅተዋል፣ ሞተሩም አይነሣም። መድኃኒቱ የማስተንፈሻዋን ብሎን አላልቶ፣ ናፍታ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ አረፋው እስኪያልቅ ደጋግሞ መጫን ነው። የናሙናችን ሞተር በዚህ ሁሉ ጊዜ እየሠራ እንደነበር መግለጽ ያስፈልጋል። አየሩን ለማስወጣት ሲባል ጠፋ። ከዚያ ሞተሪኖው እምቢ ስላለ ወደ ሴባስቶፖል ዘዴ ተገባ። «አያ ሹፌር፣ ወዴት እንግፋት?» አሉ እረኞቹ። አፍንጫዋ ወደ አቀበቱ ስለነበር በኋላ ማርሽ፣ የኋሊት እየተንከባለለች ተነሣች። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆመው ይመክሩ የነበሩት ያኔ ፈቀቅ አሉ።

ስለ ሙቀት። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚለው ትምህርት የሚሠራው ለጅቡቲ ነው፤ ጎንደር ላይ 93 አካባቢ፣ ቧሂት ላይ ደግሞ 86 አካባቢ ይፈላል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳን ሠራ፤ ግፊቱ እስካለ ድረስ መፍያው ከ100 በላይ ይቆያል። የናሙናችን ክዳን ከጠፋ በኋላ በምትኩ ፌስታልና ጨርቅ ተወትፏል። ቴርሞስታት አብዛኛውን ጊዜ 82 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ስለሚጀምር፣ ለመኪናዋ የተፈቀደላት ኑሮ በ82 እና በ86 መካከል ነበር። ጉዳዩን ያየ አንድ ጋራዥ ቴርሞስታቱን ጥፋተኛ ብሎ አውጥቶ ጣለው። ክዳኑን ማንም አልከሰሰም፤ በቦታው አልነበረማ።

የፎር ዊል ሕመም አጭር ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወጣ ብላ ዋልካ ሲይዛት «ፊቷ አልጎትት አለ» ይባላል። ከዚህ ሕመም አብዛኛው የሚድነው አንድ ሰው ወርዶ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሃል ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ሲያዞር ነው። ጭቃ ውስጥ መግባት ስለሚያስጠላ ግን ሌላ ቀን ካምቢዮው ይወርዳል።

በፍሬን ግን ይህ ጥናት አይቀልድም። ከቧሂት ወደ መካነ ብርሃን በከባድ ማርሽ ካልተወረደ በቀር ሸራው ይግላል፣ ያረጀ የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ሹፌሩ ይህን ያውቃል፤ ቁልቁለቱን የወረደው በሁለተኛ ማርሽ፣ ማንንም ሳያናግር ነው።

ዝቅ እያሉ ሲሄዱ አየሩ ወፈረ፣ ጭሱ ሳሳ፣ ጉልበቷ ተመለሰ። ፈውሱ የማን ነው የሚለው ክርክር ቁልቁለቱን ጨረሰ። ረዳቱ ማስተንፈሱ ነው አለ፤ መምህሩ የፊልትሮውን መራገፍ ደገፉ፤ ነጋዴው ባይገፋ ኖሮ ሁሉም እዚያው ያድሩ እንደነበር አስታወሰ። ኃላፊው አቅጣጫ መስጠታቸውን ገለጹ።

በመልሱ ጉዞ ቧሂት ላይ አገረሸባት። ደባርቅ አንድ መካኒክ ቀርቦ፣ የሙያው ሥርዓት እንደሚያዘው «ማን ነው የነካት?» ብሎ ጠየቀ። የነኳት ሁሉ ተዘረዘሩለት፤ በእያንዳንዱ ስም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የፖምፓውን የናፍታ መጠን የምትወስነውን ብሎን ሩብ ዙር አላላት። ናፍታው ሲቀንስ ጭሱ ጠፋ፤ ለከፍታው ልክ ነበር። ጎንደር ስትወርድ ግን አየሩ በርከት ብሎ ናፍታው አነሰና «ጉልበት የላትም» ተባለች። የጎንደሩ መካኒክ «ማን ነው የነካት?» ብሎ ያቺኑ ብሎን ሩብ ዙር አጠበቃት።

ብሎኗ ደባርቅ ላይ ስትላላ፣ ጎንደር ላይ ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ። ሁለቱም መካኒኮች ልክ ናቸው፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን አበላሽ ይለዋል፣ ሁለቱም ይከፈላቸዋል። መጠኑን እንደ ከፍታው በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ ያለው ፖምፓ መኖሩ ለባለቤቱ ተነግሮት፣ ሶማሌ ተራ አስጠይቆ ዋጋውን ሲሰማ በብሎኗ መጽናት መርጧል።

ሁኔታው የተለወጠው በቅርቡ ነው። የብሎኗ ስንጥቅ ከመዞር ብዛት ተፍቆ ለሰለሰና ካቻቢቴ አልይዝ አለ፤ በፒንሳም ቢሞከር ያንሸራትታል። ከዚያ ወዲህ የናሙናችን ጤና የተረጋጋ ነው። ዳባት ላይ በጣም ደህና ናት።